የሁለተኛዋ ቀዳዳ ታሪክ

ያገለገለ ላፕቶፕ አንስቶ ለቤቱ ፋየርዎል ሊያደርገው የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ቀዳዳ ነው። ፋየርዎል በኢንተርኔቱና በቤቱ መካከል የሚቆም ማሽን ስለሆነ ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ አንዱ ከሞደሙ የሚመጣውን ኬብል ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ቤቱ ስዊች ይሄዳል። ላፕቶፕ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ብቻ ይዞ ነው፤ ቀጫጭኖቹ አዳዲሶችማ እሷንም የላቸውም። ሁለተኛዋ እንግዲህ ከዩኤስቢ ትመጣለች። በአንድ ጫፏ የዩኤስቢ መሰኪያ፣ በሌላው የኤተርኔት ቀዳዳ ያላት፣ ኪስ የምትገባ አዳፕተር።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ ቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ በመዘርጋት የምተዳደር ሰው ነኝ። በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ ስለዚህች አዳፕተር የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ «አትንካት፣ ደንበኛ ፊት ታዋርድሃለች» ይላል፤ ግማሹ «ዓመታት ሠርታልኛለች፣ ምንም አላየሁባትም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ያለው ውስጧ ባለው ቺፕና ለዚያ ቺፕ ድራይቨር በጻፈው ሰው ላይ ነው፤ ከላይ የታተመው ስም ምንም አይናገርም። ይህ ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ካላልኩ በቀር።)

ፋየርዎል መጀመሪያ የቤት ዕቃ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ ዲጂታል ኢኩፕመንት ያሉ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለራሳቸው የሠሩት ነገር ነው። በ1994 የእስራኤሉ ቼክ ፖይንት ፋየርዎል-1 የተባለውን ምርቱን ገበያ አወጣ፤ ገዢዎቹ ባንክና መሥሪያ ቤት ነበሩ። ቤት ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ1994 ናት የሚባለው አሠራር በወረቀት ወጣ፤ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ብዙ ኮምፒውተር ማገናኘት ማለት ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የኬብልና የዲኤስኤል መስመር በየቤቱ ሲገባ፣ ሁለተኛ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሁሉ አራት መቶ ሰማንያ ስድስት የሚባለውን አሮጌ ማሽኑን አውጥቶ፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰክቶበት፣ ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሥርዓት ጫነበት። ያኔ የቀዳዳ ችግር አልነበረም። የዴስክቶፕ ሆድ ሲከፈት ባዶ የካርድ ማስገቢያ ሞልቷል፤ ካርዱ ርካሽ ነው፤ ብሎን ፈትቶ፣ ሰክቶ፣ ብሎን ማጥበቅ ብቻ። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ገና በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው የገባው፤ በስልክ መስመር፣ ለአንድ ኮምፒውተር። ለፋየርዎል የሚያሳስብ ነገር በቤታችን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር አብዛኛው ስዊዘርላንድ ውስጥ መሠራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ2001 ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓት አይፒፊልተር ይባል የነበረውን የማጣሪያ ፕሮግራም በፈቃድ ውዝግብ ምክንያት አውጥቶ ጣለ። ቦታው ባዶ ሲቀር ዳንኤል ሃርትማየር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ምትኩን ጻፈ፤ ፒኤፍ ተባለ። በ2003 ደግሞ ማኑኤል ካስፐር የተባለ ሌላ ስዊዘርላንዳዊ ፍሪቢኤስዲን አንድ ፍሬ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ልጦ ሞኖዎልን አወጣ። የሞኖዎል የመጀመሪያ ቅጂዎች 8 ሜጋባይት ካርድ ይበቃቸው ነበር፤ ዛሬ ከስልክ ካሜራ የሚወጣ አንድ ፎቶ የሚይዘው ቦታ ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ የሚያከናውነውን ሥራ ሁሉ በፒኤችፒ ጻፈው፤ የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ነውና ያኔ ብዙ ሰው ሳይስቅበት አልቀረም። የፋየርዎሉን ማስተካከያ በሙሉ ደግሞ በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ አኖረው። ያችን ፋይል ኮፒ አድርጎ የያዘ ሰው ማሽኑ ቢቃጠልበት ሌላ ማሽን ላይ ጭኖ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። ደንበኛዬ ቤት ሥራ ጨርሼ ስወጣ የማስረክበው ፍላሽ ውስጥ ያለችው ያቺው ፋይል ነች፤ የልጅ ልጇ ብንል ይሻላል።

ሞኖዎል የተወደደው በትንንሽ ቦርዶች ላይ ነበር። የካሊፎርኒያው ሶክሪስ ኔት4501 የተባለውን ይሸጥ ነበር፦ 133 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ሦስት የኤተርኔት ቀዳዳ። የስዊዘርላንዱ ፒሲ ኢንጂንስ ራፕ፣ ቀጥሎ አሊክስ፣ ቀጥሎም ኤፒዩ የተባሉትን ሠራ። እነዚህ ቦርዶች ማራገቢያ የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፣ ቀዳዳቸው ሙሉ ነው። ችግሩ እዚህ አገር አይገኙም፤ ማስመጣቱም ከዕቃው ዋጋ ይበልጥ ነበር። በ2004 ክሪስ ቢውክለርና ስኮት ኡልሪች ሞኖዎልን ወስደው ለትልልቅ ማሽኖች አሰፉት፤ ማጣሪያውንም በሃርትማየር ፒኤፍ ተኩት። ፒኤፍሴንስ ተባለ፤ 1.0 ቅጂው በ2006 ወጣ። በ2015 መጀመሪያ ደግሞ ዴሲሶ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከፒኤፍሴንስ ገንጥሎ ኦፒኤንሴንስን አወጣ። ካስፐር በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ሞኖዎልን ዘግቶ ተጠቃሚዎቹን ወደ ኦፒኤንሴንስ መራቸው። ሁለቱም እስካሁን በነፃ ይወርዳሉ፤ እኔም ሁለቱንም እጭናለሁ። አንዱን ከአንዱ የማበላልጥበትን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ሰው የሚጣላበት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዩኤስቢ እንሂድ። በጥር 1996 የወጣው ሰባት ኩባንያዎች ተስማምተው ነው፤ ኢንቴል፣ ኮምፓክ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዲጂታል፣ አይቢኤም፣ ኤንኢሲና ኖርዘርን ቴሌኮም። የታሰበው ከኮምፒውተር ጀርባ የነበረውን የመሰኪያ ዓይነት ብዛት ለማስቀረት ነው፦ ለኪቦርድ፣ ለማውስ፣ ለፕሪንተር። ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነበር፤ ለፕሪንተር ከበቂ በላይ። ለኔትወርክ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ያሠራሩ ነገር ነው የከፋው። በዩኤስቢ መሣሪያው ራሱ «መልእክት መጥቶልኛል» ብሎ ፕሮሰሰሩን መቀስቀስ አይችልም። አስተማሪ ካልጠራው አፉን የማይከፍት ተማሪ ነው፤ ኮምፒውተሩ በየጊዜው «አለህ? የምትሰጠኝ አለ?» እያለ መጠየቅ አለበት። ማውስ በዚህ አይጎዳም። ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ፓኬት የሚያስተላልፍ ፋየርዎል ግን ጥያቄውም መልሱም የፕሮሰሰር ጉልበት ይበላበታል። በካርድ ማስገቢያው የሚሰካው የኔትወርክ ካርድ በበኩሉ ፓኬቱን ራሱ ሜሞሪ ላይ አስቀምጦ ነው ፕሮሰሰሩን የሚነካው።

ያም ሆኖ ቺፕ ሠሪዎቹ አልሰነፉም። ታይዋን ውስጥ ሲንቹ የምትባል ከተማ አለች፤ የሳይንስ ፓርኳ በ1980 የተከፈተ ነው። አድምቴክ፣ ኤሲክስ፣ ሪልቴክ፣ ሦስቱም የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አድምቴክ ፔጋሰስ የተባለ ቺፕ አወጣ፤ ኤተርኔቱ 100 ሜጋቢት፣ የሚሰካበት ዩኤስቢ 12 ሜጋቢት። ሣጥኑ ላይ ግን በትልቁ የሚጻፈው 100 ነው። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። ዩኤስቢ 2.0 በ2000 መጥቶ ፍጥነቱን 480 አደረሰው፤ በኋላም ባለ ጊጋቢት አዳፕተር ወጣ፣ ሣጥኑ ላይም 1000 ተጻፈ፤ በተግባር የሚገኘው 300 ገደማ ነው። ነገሩ የተስተካከለው በ2008 ዩኤስቢ 3.0 በ5 ጊጋቢት ሲመጣ ነው።

ቺፑ ሲንቹ ቢሠራም ፋየርዎል ላይ የሚነሳው ድራይቨር ካለው ብቻ ነው። ፋብሪካው ለዊንዶውስ ድራይቨር ጽፎ በሲዲ ይሰጣል፤ ለፍሪቢኤስዲ ማን ይጽፋል? ቢል ፖል። ይህ ሰው በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ነው፤ የፍሪቢኤስዲን የኤተርኔት ድራይቨሮች ከሌላ ከማንም በላይ የጻፈ ሰው ነው ብል ብዙ ሰው የሚቃወመኝ አይመስለኝም። የፔጋሰስን ድራይቨር ጻፈ፤ ካዋሳኪ የተባለውን ቺፕ ጻፈ፤ የኤሲክስን ጻፈ። ለሪልቴክ 8139 በጻፈው ድራይቨር ውስጥ ደግሞ የቺፑን ርካሽነት እያሽሟጠጠ ረዘም ያለ አስተያየት ትቶበታል፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያንን ሳያነብና ሳይስቅ አያልፍም። ቺፑ ፓኬቱን ሜሞሪ ላይ በሚፈልገው መልክ ስለማያስቀምጠው እያንዳንዱን ፓኬት እንደገና መገልበጥ ያስፈልግ ነበር፤ ያናደደው ይህ ነው። ጊዜ ግን ይገለበጣል። ዛሬ ለዩኤስቢ የትኛውን ቺፕ ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው የሪልቴኩን 8153 ነው፤ ያንኑ የተሽሟጠጠበትን ቤት።

ድራይቨሩ የሚቀመጥበት መሠረትም ታሪክ አለው። የቢኤስዲዎች የመጀመሪያ የዩኤስቢ ሥርዓት የስዊድናዊው ሌናርት ኦገስትሶን ሥራ ነው፤ ለኔትቢኤስዲ ጽፎት ወደ ፍሪቢኤስዲ ተሻገረ። በኋላ ሃንስ ፔተር ሴላስኪ የተባለ ኖርዌያዊ ሁሉንም ከሥሩ እንደገና ጻፈው፤ በኅዳር 2009 ከወጣው ፍሪቢኤስዲ 8.0 ጋር ገባ። ዛሬ በየፋየርዎሉ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። ሴላስኪ በ2023 በመኪና አደጋ ሞተ።

ከሴላስኪ ሥራ ጋር አንዲት ትንሽ ለውጥ መጣች፤ እኔ የተማርኩት ሙያ ግማሹ እሷ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ቀድሞ አዳፕተሩ ሲሰካ ሥርዓቱ ስም የሚሰጠው በድራይቨሩ ነበር፤ የኤሲክሱ ኤኤክስኢ0፣ የፔጋሰሱ ኤዩኢ0 ይባላል። ከ8.0 ወዲህ የዩኤስቢ ኤተርኔት ሁሉ አንድ ስም ሆነ፦ ዩኢ0፣ ዩኢ1፣ ዩኢ2። ቁጥሩን የሚወስኑት የመሰኪያ ቦታው ወይም አድራሻው አይደሉም፤ ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የተገኘ ዩኢ0 ይሆናል፣ ቀጥሎ የተገኘ ዩኢ1። ፋየርዎሉ ደግሞ በዚያች በኤክስኤምኤል ፋይሉ ውስጥ «ዋን (የኢንተርኔቱ በኩል) ማለት ዩኢ0፣ ላን (የቤቱ በኩል) ማለት ዩኢ1» ብሎ ጽፎ አስቀምጧል። ሁለት የዩኤስቢ አዳፕተር ያለው ማሽን አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ከሁለቱ አንዷ በጥቂት ሚሊሰከንድ ብትዘገይ ስማቸው ይለዋወጣል። ቤቱ በኢንተርኔቱ በኩል፣ ኢንተርኔቱ በቤቱ በኩል ይሆናል። ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነው፣ ኬብሉ ሁሉ ተሰክቷል፣ የሚሠራ ነገር ግን የለም። ከሁለቱ አንዷ ጨርሳ ካልተገኘችማ ፒኤፍሴንስ መነሳቱን አቁሞ፣ የኔትወርክ ቀዳዳዎቹን እንደገና መድቡልኝ የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ጽፎ ቁጭ ይላል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ፣ ክዳኑ የተዘጋ ላፕቶፕ ጥያቄውን ማን ያነብለታል? ደንበኛው የሚያውቀው «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ስልኩም ወደ እኔ ነው።

በጥር 2008 ስቲቭ ጆብስ ማክቡክ ኤርን ከወረቀት ፖስታ ውስጥ አውጥቶ አሳየ። ኤተርኔት ቀዳዳ አልነበረውም። ለሚፈልግ ሰው በ29 ዶላር ለብቻዋ የምትሸጥ የዩኤስቢ አዳፕተር ቀረበች፤ ውስጧ የኤሲክስ ቺፕ ነበር። ሌሎቹ ላፕቶፕ ሠሪዎችም ቀስ በቀስ ያንኑ መንገድ ተከተሉ። አዳፕተር የተባለው ነገር ከጎዶሎ መሙያነት ወጥቶ የተለመደ ዕቃ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ለእኛም ወረደልን።

እዚህ አገር ላፕቶፕ ለፋየርዎል የሚመረጥበት ምክንያት ፈረንጆቹ ብዙም የማያነሱት ነው፦ ባትሪ አለው። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ሰፈር ዴስክቶፕን ፋየርዎል ያደረገ ሰው ዩፒኤስ ሊገዛለት ነው፤ የዩፒኤሱ ዋጋ ደግሞ ከማሽኑ ይበልጣል። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ ወይም ቲንክፓድ ባትሪው ቢደክም እንኳ መብራት ሄዶ ጄነሬተር እስኪነሳ ማሽኑን ያቆያል። ስክሪንና ኪቦርድም ራሱ ላይ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ላፕቶፖች የኢንቴል የኔትወርክ ቀዳዳ አላቸው፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ከዚያ የተሻለ የለም። የቀረው ሁለተኛዋ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ፒኤፍሴንስ በ2017 የ32 ቢት ማሽኖችን ድጋፍ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ወደፊት ኤኢኤስ-ኤንአይ የተባለው የምስጠራ ማፋጠኛ የሌለውን ፕሮሰሰር አልቀበልም ብሎ አስታውቆ ነበር። በኋላ ይህን ሁለተኛውን ተወው እንጂ፣ ያን ሰሞን ስንቱ ላፕቶፕ በከንቱ እንደተጣለ እግዚአብሔር ይወቅ።

መርካቶ ስትሄዱ ሻጩ ልጅ የሚላችሁ «ሁሉም አንድ ነው ጋሼ፣ ይሠራል» ነው። አንድ አይደለም። ነጭ ወይም ሰማያዊ ፕላስቲክ ለብሳ፣ ከአጭር ገመድ ጋር፣ ስም ሳይኖራት የምትሸጥ ርካሽ አዳፕተር አለች፤ ውስጧ 9700 የሚል ቁጥር ያለው ቺፕ ነው። ፕላስቲኳ ላይ ዩኤስቢ 2.0 ይላል፤ ፍጥነቷ ግን የ1996ቱ 12 ሜጋቢት ነው። ይባስ ብሎ የእነዚህ አዳፕተሮች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት አንድ ዓይነት የማክ አድራሻ ይዘው ነው። ማክ አድራሻ በዓለም ላይ የማይደገም መሆን የሚገባው ቁጥር ነው፤ ስዊች ፓኬቱን ለማን እንደሚያደርስ የሚያውቀው በእሱ ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት መንትዮች አንድ ስዊች ላይ ሲሰኩ ስዊቹ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይልካል፤ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ደንበኛው መስመሩን ይራገማል፣ ሞደም ይቀይራል፣ ቴክኒሻን ይቀይራል። ስለዚህ እኔ ሱቁ ጋ ሳልከፍል በፊት ላፕቶፔን አውጥቼ እሰካታለሁ። ፍሪቢኤስዲ ላይ ዩኤስቢኮንፊግ የሚል ትእዛዝ አለ፤ አዳፕተሯ ስሟንና ፍጥነቷን ትናገራለች። ፉል ስፒድ ካለች 12 ነች፣ ሃይ ስፒድ ካለች 480፣ ሱፐር ስፒድ ካለች 5 ጊጋቢት። ሻጩ ልጅ ስክሪኑን እያየ «ጋሼ ምን እየመረመሩ ነው?» ይላል፤ አሁን አሁን ለምዶኝ ራሱ «ይቺ ሱፐር ናት» እያለ ለይቶ ያስቀምጥልኛል።

የሞባይል ዶንግልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መስመር ባልተዘረጋበት ሰፈር ኢቪዲኦ፣ ቀጥሎ ስሪጂ፣ ቀጥሎም ፎርጂ ዶንግል ብቸኛው መንገድ ነበር። ብዙዎቹ ዶንግሎች ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን ሲዲ አድርገው ነው የሚያቀርቡት፤ የዊንዶውስ ድራይቨራቸው እዚያ ውስጥ ስላለ። ፋየርዎሉ ያንን ሲዲ «አውጣ» ካላላቸው ሞደም አይሆኑም። ከኋለኞቹ አንዳንዶቹ ግን ራሳቸው ትንሽ ራውተር ሆነው መጡ፤ ሲዲሲ በሚባለው የዩኤስቢ ስምምነት በኩል እንደ ተራ የኤተርኔት አዳፕተር ይታያሉ፣ ስማቸውም ዩኢ0 ይሆናል። ለመጠባበቂያ መስመር ከዚህ የቀለለ አላየሁም፤ ከአንዲት ሌላ አዳፕተር ጋር ሲሆኑ ያ የስም መለዋወጥ ጣጣ ተመልሶ እንደሚመጣ ብቻ ማወቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ማሽን ላይ ከአንድ በላይ ዩኢ እንዳይኖር እጥራለሁ። የላፕቶፑን የራሱን ቀዳዳ ለቤቱ፣ ዩኤስቢዋን ለኢንተርኔቱ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፣ «ጥሩው ቀዳዳ ለኢንተርኔት» ብሎ። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ የቤት መስመር ፍጥነት ደህና አዳፕተር ከምትችለው በታች ስለሆነ በዚያ በኩል የምታጎድለው የለም። አዳፕተሯ ብትሞትም ከቤት ሆኜ በላኑ በኩል ፋየርዎሉን ከፍቼ ምን እንደሆነ አያለሁ። ገልብጬ ብሰካው ኖሮ የሞተችው እኔ የምገባባት በር በሆነች ነበር። ሌላው ደግሞ ዩኤስቢ እንደ ኤተርኔት መሰኪያ መቆለፊያ ምላስ የለውም፤ መጥረጊያ ሲነካው ይላቀቃል።

ከነጭራሹ ዩኤስቢን የሚያስቀር መንገድም አለ፤ በ1998 የጸደቀው 802.1ኪው የሚባለው ቪላን ነው። ማኔጅድ የሆነች ባለ 5 ቀዳዳ ስዊች ገዝቶ ኢንተርኔቱንና ቤቱን በአንድ ኬብል፣ በሁለት ምልክት ለያይቶ ወደ ላፕቶፑ አንድ ቀዳዳ ማስገባት። አንድ ጊጋቢቱን ሁለቱ ይካፈሉታል፤ ለቤት ይበቃል። እኔ ብመርጥ ሁልጊዜ ይህን እመርጣለሁ። ደንበኛው ግን የስዊቹን ዋጋ ሲሰማ «ጋሼ ያችን ትንሿን ቢያደርጉልኝስ?» ይለኛል። ያኔ ባለ 8153 ቺፕ፣ በዋኑ በኩል፣ ሁልጊዜ በአንድ መሰኪያ ላይ፣ ገመዷ ከላፕቶፑ ማጠፊያ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ።